እርጥብ ድርቆሽ

ጥቅምት 11፣ ሰኞ። ሱሉልታ

ዛሬም ዘነበ። ጥቅምት ገብቶ እንደ ሐምሌ! የታጨደው ሣር ሜዳው ላይ ተኝቷል፤ ባሌ ጂሬኛ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ደጃፉ ላይ ቆሞ ሰማይ ሰማዩን ያያል። የሰጠሁት ሻይ እጁ ላይ ቀዘቀዘ። ልቀልድበት ፈልጌ ፊቱን አየሁና ተውኩት።

የአሥራ አንደኛ ክፍል የኬሚስትሪ ዕቅዴን አልጻፍኩም። ነገ።

ጥቅምት 15፣ አርብ

አማቶቼ፣ ኦቦ ደገፋና አዴ ጠጅቱ፣ ለለቅሶ ሰንዳፋ ሄዱ። እስከ ሰኞ የሉም። ኦቦ ደገፋ ሲወጡ ለጂሬኛ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሣሩ በደንብ ሳይደርቅ እንዳታሳስር። ከዘገየ ይዘግይ።»

«እሺ አባ» አለ። ባሌ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ አባቱ ፊት ሲቆም ግን የቤት ሥራ ሳይሠሩ የመጡ ተማሪዎቼን ይመስለኛል።

ዓምና ያረባቸው ጥጆች በበሽታ ሲያልቁበት፣ ኦቦ ደገፋ ጎረቤት በተሰበሰበበት «ለዚህ ልጅ ዶሮም አደራ አይሰጥ» ብለው ነበር። ሁሉም ሳቀ። ጂሬኛም አብሮ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ግን ምንም አላልኩም።

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

በችኮላ ነው። የሣር ማሰሪያ ማሽኑ መጣ። ሰኞ ለገዳዲ ላሉ ሰዎች ተይዟል፤ ዛሬ ካለፈን መቼ እንደሚደርሰን አይታወቅም። ከትናንት ወዲያ የዘነበበት ሣር! ከመሃል አንድ ጭብጥ መዝዤ ጠመዘዝኩት። የደረቀ ሣር ሲጠመዘዝ ይሰበራል። ይሄ ተለመጠ።

ነገርኩት።

«ላዩ ነው እንጂ ውስጡ ደርቋል» አለኝ።

ከውስጥ ነው ያወጣሁት።

አመሻሹ ላይ። ሁሉም ገባ። ማሽኑ ጥብቅ አድርጎ ያሰራቸው እስሮች አዲሱ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል። ጂሬኛ ላቡን እየጠረገ ለአቶ ዱባለ ደወለ፤ ሰበታ የወተት ላሞች ያሏቸው ደንበኛችን ናቸው። «አንደኛ ደረጃ ድርቆሽ ነው፣ ኅዳር ሃያ መኪናዎን ይላኩ» አላቸው። እንዲህ ደስ ብሎት ካየሁት ስንት ጊዜዬ! ስልኩን ዘግቶ ወደ እኔ ዞረና፣ «ለአባ የምነግረው እኔ ነኝ። አንቺ ዝም በይ፣ እሺ ሄሚ?» አለኝ።

እሺ አልኩ።

ጥቅምት 18፣ ሰኞ

መጡ። ኦቦ ደገፋ ጋቢያቸውን እንኳ ሳያወልቁ መጋዘኑን አስከፍተው አዩ።

«ደርቆ ነበር?»

«ደርቆ ነበር አባ» አለ ጂሬኛ።

ዞረው እኔን አዩኝ። ጄሪካን ይዤ ቆሜ ነበር። «አንቺስ አይተሻል፣ ኢንተላ ኮ?»

ኢንተላ ኮ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ካገባሁ ጀምሮ ይህን ቃል ሰምቼ አልጠግበውም፤ የራሴን አባት ያጣሁት በልጅነቴ ነው።

«አይቻለሁ አባ። ደርቋል።»

«እንግዲህ አንቺ ካልሽ» አሉና በሩን ዘጉት።

ለትዳሬ ብዬ ነው። ባልና አባቱ ቢጣሉ ማን ይጠቀማል? ለትዳሬ ብዬ ነው።

ጥቅምት 25፣ ሰኞ

የዛሬው ትምህርት፦ ሙቀት የሚለቁና ሙቀት የሚስቡ ሪአክሽኖች። ቤተ ሙከራ አለን ከማለት ቁም ሳጥን አለን ማለት ይቀላል። ውሃ ያልነካው ኖራ ጣሳ ውስጥ አድርጌ ውሃ ጨመርኩበት፤ ተንቻቻ፣ ጣሳው አላስነካ አለ። በሌላ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ዩሪያ ማዳበሪያ አሟሟሁ፤ ብርጭቆው በረዶ ሆነ። (ይሄኛው መሟሟት እንጂ ሪአክሽን አይደለም፣ ሙቀት መሳቡን ለማሳየት ነው ብዬ አስጻፍኳቸው።) እየተቀባበሉ ሲነኩ ክፍሉ ደመቀ።

«ቲቸር፣ ሙቀቱ ቀድሞ የት ነበር?» አለችኝ ሩቲ፣ ከፊት የምትቀመጠው።

ጥሩ ጥያቄ ነው። እዚያው ነበር አልኳት። አተሞቹ የድሮ ትስስራቸውን ትተው ጠንከር ያለ አዲስ ትስስር ሲፈጥሩ ትርፉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ከወጣ በኋላስ? የሚሄድበት ካገኘ ይሄዳል። ካላገኘ ሪአክሽኑን ራሱን ያፋጥነዋል፤ የፈጠነው ደግሞ የባሰ ይሞቃል፤ የባሰ የሞቀው ደግሞ...

ቾኩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ልጆቹ የምጨርስ መስሏቸው እስክሪብቶ ይዘው ጠበቁኝ።

ጥቅምት 29፣ አርብ

መጋዘኑ ይሸታል። መጥፎ ሽታ አይደለም። ትምባሆና የተቃጠለ ስኳር የተቀላቀለ ዓይነት፣ ጣፋጭ። አዴ ጠጅቱ «ዘንድሮ ሣራችን ማር ማር ይላል» ብለው ለጎረቤት ሲያወሩ ሰማኋቸው። እጄን በሁለት እስር መካከል ሰደድኩት። እንደ ታመመ ልጅ ግንባር ይሞቃል።

ከትምህርት ቤት ቴርሞሜትር አምጥቼ ቀጭን የብረት ቧንቧ ውስጥ አስሬ እስከ መሃሉ አስገባሁት። አርባ ዘጠኝ። እስከ ሃምሳ አያሰጋም ይላል ያነበብኩት።

አያሰጋም።

ኅዳር 6፣ አርብ

ኦቦ ደገፋ ጥጆቹን ከመጋዘኑ ጎን ካለው በረት አውጥተው ታች ወንዙ ዳር አሰሯቸው። «መሬቱ ረጠበባቸው» አሉ። በርሜሎቹንም ሁሉ ውሃ አስሞሉ። ውሃ ሊጠፋ ነው ተብሏል አሉ፤ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ አልሰማሁም። ሽማግሌ እንዲህ ነው መሰለኝ፣ ያለ ምክንያት ዕቃ ማንቀሳቀስ ያምራቸዋል።

ከሰዓት በኋላ በርጩማቸውን አምጥተው ጀርባቸውን የመጋዘኑ ቆርቆሮ ላይ አስደገፉ። «ወገቤን ያሞቅልኛል።» ፀሐይዋ በዚያ በኩል አልነበረችም።

«ተማሪዎችሽን ሰሞኑን ምን ታስተምሪያቸዋለሽ?» አሉኝ።

«ስለ ሙቀት ነው አባ። ነገር ከነገር ሲዋሃድ ስለሚወጣውና ስለሚገባው ሙቀት።»

«የሚወጣው መውጫ ቢያጣስ?»

«እሱ... እሱ ለፈተና አይመጣም» አልኳቸው።

ሳቁ። ሳቃቸው ግን ቶሎ ቆመ። ለምን እንደጠየቁኝ እንጃ።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ስልሳ ሁለት።

ለጂሬኛ ነገርኩት። «ሣር ያልበዋል ሄሚ፣ ሁልጊዜ ያልበዋል። ልጅ ሆነን ክምሩ ላይ ስንዘል እግራችንን ያሞቀን ነበር።» ያ ክምር ሜዳ ላይ ነበር፤ ነፋስ ያገኘዋል፣ በማሽን አልተጠቀጠቀም፣ አራት ግድግዳ አልታጠረበትም። ይህን ሁሉ አስረዳሁት። ጨርሼ ቀና ስል ስልኩን ያያል።

የቀን ሠራተኞቹ አጥሩ ሥር ምሳ ሲበሉ፣ «ከተሜዋ ሣሩ የታመመ መስሏት በቴርሞሜትር ታክመዋለች» ሲል አንዱ ሰማሁት። «ትኩሳቱ ስንት ደረሰ በላት!» አለ ሌላው።

እኔም ስቄ አለፍኩ። ከሁሉም የሚያናድደኝ መሳቄ ነው።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ። ሚካኤል

ኅዳር ሲታጠን። በየደጁ ቆሻሻ ይቃጠላል፣ ከተማው ጭስ በጭስ ሆኗል፣ የማን ጭስ የቱ እንደሆነ አይለይም። ቀኑን ሙሉ በመጋዘኑ ዙሪያ ስዞር ዋልኩ። ምን ትፈልጊያለሽ ላለኝ ሁሉ «ፍንጣሪ እንዳይገባ ነው» እላለሁ።

ኦቦ ደገፋ «ዘንድሮ እኛ ይቅርብን» ብለው እሳት አላስነሡም። አዴ ጠጅቱ ተገርመው ቀሩ፤ በትዳር ዘመናቸው ቀርቶባቸው አያውቅም።

አመሻሹ ላይ ጭሱ ሲሳሳ ከመጋዘኑ ጣሪያ ሥር ነጭ ነገር ሲወጣ አየሁ። ጭስ አይደለም። እንፋሎት ነው። እንፋሎት መሆኑን አረጋግጫለሁ።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ። ቡራዩ

እናቴ ጋ መጣሁ። ማሪቱ ጨርቅ ቤት ብሎ የማያውቃት የለም። ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳደረገች ሁሉንም ነገርኳት።

«ታዲያ ለአማትሽ ልትነግሪያቸው ነው?»

«ልንገራቸው እማዬ?»

«ባልሽን አባቱ ፊት ውሸታም ልታደርጊው? ሣሩ ይቃጠል አይቃጠል አላውቅም፤ ትዳርሽ ግን ያን ዕለት ይቃጠላል።» የለካችውን ጨርቅ በጥርሷ ነክሳ ቀደደችው። «ደሞ ላይቃጠል ይችላል አላልሽም?»

ብያለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ይበርዳል። አብዛኛውን ጊዜ።

ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ አሰብኩት። ተናገሪ ብትለኝ ኖሮ እናገር ነበር? ወይስ ዝም በይ የምትለኝን ሰው መርጬ ነው የሄድኩት?

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

ሰባ አራት።

ለራሴ እንኳ በግልጽ ልጻፈው። እስካሁን ሣሩን ያሞቁት ሕይወት ያላቸው ነገሮች ናቸው፤ ሻጋታና ባክቴሪያ። እርጥቡን ይመገባሉ፣ ይተነፍሳሉ፣ ይሞቃል። ከሰባ ሲያልፍ ግን ራሳቸው በሙቀቱ ይሞታሉ። ብዙ ሣር እዚያ ላይ ሲደርስ መብረድ ይጀምራል፤ ተስፋዬ እሱ ነበር። የእኛ አልበረደም። ከዚህ በኋላ እዚያ ውስጥ የሚሠራ ሕይወት የለም። ሣሩና አየሩ ብቻቸውን ናቸው፤ ጡብ በጡብ ላይ እንደሚደረደር ሙቀቱ በሙቀት ላይ ይደረደራል። እርጥበቱ እየተነነ ሲሄድ ጥቂቱን ይወስድለት ነበር። እርጥበቱ ሲያልቅ የሚወስድለት የለም። አሁን የጎደለው አየር ብቻ ነው፤ ተጠቅጥቆ ስለታሰረ መሃሉ ታፍኗል። በሩ ተከፍቶ እስሮቹ መነሣት ሲጀምሩ ግን አየሩን ያገኛል።

ይህንኑ ለጂሬኛ ነገርኩት፣ ጓሮ፣ ላሞቹን ሲያጠጣ።

«አርብ የአቶ ዱባለ መኪና ይመጣል። ይጫናል፣ ይሄዳል፣ አለቀ» አለኝ።

«ሲነሣ ነው እኮ የሚቀጣጠለው! ለአባ እንንገራቸው።»

«ምን ብዬ? ‹ዶሮም አደራ አይሰጥ ያሉት እውነት ነው› ልበላቸው? እንዲህ ብዬ ልንገራቸው?» ባልዲውን ወረወረው። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እጁን ያዝኩት። አስለቀቀኝና ሄደ።

የእሳት አደጋን ቁጥር ስልኬ ላይ መዝግቤአለሁ። ስሙን «ልብስ ሰፊ» አልኩት፣ ጂሬኛ እንዳያየው።

ኅዳር 19፣ ሐሙስ

ነገ ነው። ዛሬ አልለካሁም። ብለካ መናገር ይኖርብኛል።

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ

እንደሆነው ልጻፈው።

ትናንት ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ነበርኩ። በመስኮቱ አንድ ባዶ አይሱዙ ሲያልፍ አየሁ፤ ጫኞች ከኋላው ቆመዋል። የእኛ ይሁን የሌላ ሰው አላውቅም። ሰሌዳው ላይ የጀመርኩትን ሳልጨርስ ቾኩን አስቀመጥኩ። «ቲቸር፣ የት ነው?» ስትል ሩቲ ተሰማኝ። ባጃጅ ያዝኩ። መንገድ ላይ «ልብስ ሰፊ» ጋ ደወልኩ፤ ገና ያልተነሣ እሳት መሆኑን ለማስረዳት ተቸገርኩ። «እና ምን ይቃጠላል?» ይለኛል ሰውየው። «አሁን ይነሣል፣ ኑልኝ!» አልኩት።

ስደርስ የመጋዘኑ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። አይሱዙው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል፣ አቶ ዱባለ አጠገቡ። የፊተኛው ረድፍ ተነሥቶ አልቋል። ጂሬኛ ከታች ይቀበላል። ከላይ፣ ጣሪያው ሥር ሆነው የሚያወርዱት ኦቦ ደገፋ ናቸው። ሰባ ሊሞላቸው ነው! ጫኞቹ እንውጣ ቢሏቸው «ማንም እንዳይወጣ፣ እኔ ነኝ የማወርደው» ብለዋል።

«አባ ይውረዱ!» ብዬ ጮኽኩ። «ሣሩ ሲታሰር እርጥብ ነበር! አውቅ ነበር! ዋሽቼዎታለሁ፣ ይውረዱ!»

ሁሉም ዞሮ አየኝ። አቶ ዱባለ፣ ጫኞቹ፣ አዴ ጠጅቱ ከቤቱ ደጃፍ። ጂሬኛ የያዘውን እስር እንደታቀፈ ደርቆ ቀረ። የኦቦ ደገፋ ፊት ግን አልተለወጠም። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደ መሰላሉ አንድ እርምጃ ተራመዱ፤ ያኔ ሣሩ ከሥራቸው ከዳ። ከላይ ሙሉ ይመስል እንጂ ውስጡ ከስሎ ጉድጓድ ሆኗል። አንድ እግራቸው እስከ ጭናቸው ሰመጠ። በመጀመሪያ ጭስ ወጣ። ቀጥሎ፣ አየሩን ሲያገኝ፣ ነበልባል።

«ኢቢዳ! እሳት! እሳት በሉ!» አዴ ጠጅቱ በሁለቱም ቋንቋ ይጮኻሉ።

ጂሬኛ መሰላሉን መቼ እንደወጣ አላየሁም። ያየሁት እጆቹን እስከ ክርኑ እሳቱ ውስጥ ሰድዶ የአባቱን እግር አቅፎ ሲያወጣ ነው። ተቃቅፈው ተንከባለሉና ታች በተከመሩት እስሮች ላይ ወደቁ። ውሃ ደፋንባቸው። ጎረቤታችን ኦዳ ሰፈሩን አስከትሎ ደረሰ፤ መጋዘኑን ትተን የቤቱን ግድግዳና ጣሪያ ማራስ ያዝን። የእሳት አደጋ መኪናው ሲመጣ መጋዘኑ ከነሣሩ ወድሞ ነበር። ቤቱ ግን ቆሟል። ጥጆቹ ወንዙ ዳር ይግጣሉ።

በርሜሎቹ ሙሉ ነበሩ። ጥጆቹ ወንዙ ዳር ነበሩ።

ይህን ጽፌ ደግሜ አነበብኩት።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ። ሆስፒታል

የኦቦ ደገፋ እግር ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት ተቃጥሏል። ይራመዳሉ፣ ጊዜ ይፈልጋል አለ ሐኪሙ። ብቻችንን ስንሆን ጠየቅኳቸው።

«ያውቁ ነበር አባ?»

«በሁለተኛው ሳምንት ሸተተኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ልጄ ራሱ መጥቶ ይነግረኛል ብዬ። እኔ ቀድሜ ያዋረድኩት እንደሆነ ዳግመኛ ቀና አይልም ብዬ ፈራሁ።» ጣሪያውን ያያሉ። «ክምር ሲያልበው ከርሞ ሲበርድ ስንቴ አይቻለሁ። ይሄም ይበርዳል አልኩ። ካልበረደም ሌላ ሰው ከሚወጣበት እኔ ልውጣ አልኩ። እዚህ ይደርሳል ግን አላልኩም።»

ዓይናቸውን ከጣሪያው መልሰው አዩኝ።

«አንቺን ጠይቄሽ ነበር» አሉ።

«አዎ አባ።»

«ሁለቴ።»

«አዎ።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ተኙ ብዬ ልወጣ ስነሣ፣ «ውሃ ስጪኝ» አሉኝ። ኢንተላ ኮ አላሉም። ብርጭቆውን ያዝኩላቸው፤ እጄን ይዘው ጠጡ።

ጂሬኛ የወንዶች ክፍል መጨረሻ አልጋ ላይ ነው። ሁለቱም እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል። ሾርባ ይዤለት ሄድኩ።

«ለምን ያኔ ለአባ አልነገርሻቸውም?» አለኝ።

«ዝም በይ ስላልከኝ ነዋ!»

«የምልሽን ሁሉ ታደርጊያለሽ እንዴ?»

ልቆጣ አሰብኩ። ማንኪያውን አቀረብኩለት። ዓይኔን እያየ አፉን ከፈተ።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

ጂሬኛ ሰበታ ልሂድ አለ። ቁስሉ ገና ነው፣ ስልክ ይበቃል አልኩት።

«በስልክ ነው የዋሸሁት» አለ።

አብሬው ሄድኩ፤ ብቻውን የመኪና በር እንኳ መክፈት አይችልም። አቶ ዱባለ ግቢ ስንደርስ ላንኳኳ እጄን አነሣሁ። በትከሻው ገፋ አደረገኝና በሩን በክርኑ መታው።

ራሳቸው ከፈቱ። ጂሬኛ ሰላምታውን ሳይጨርስ ተናገረው፦ ሣሩ እርጥብ ነበር፣ አውቅ ነበር፣ ያንን ለላሞችዎ ልሰጥዎ ነበር፣ ሰዎችዎንም እዚያ ውስጥ አስገብቼ ነበር። አንዴም አላቋረጠም። እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ።

አቶ ዱባለ ፋሻውን ሲያዩ ቆዩ። «ጫኞቼ ልጆች አሏቸው» አሉ በመጨረሻ። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉም። ግቡም አላሉንም። በሩን ግን ቀስ ብለው ነው የዘጉት።

ስንመለስ ሚኒባሱ ሞልቶ ነበር። ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ የጂሬኛን እጅ አየ።

«ወንድሜ፣ ምን ነካህ?»

«ሣር» አለ ጂሬኛ።

ተሳፋሪው ሳቀ። «ሣር ደግሞ ያቃጥላል እንዴ፣ የኔ ልጅ?» አሉ ከኋላችን የተቀመጡ አንዲት እናት።

«እርጥቡን ካፈኑት ያቃጥላል እናቴ።» ዞሮ ያስረዳቸው ጀመር። ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ራሱን እንዴት እንደሚያሞቅ፣ በር ሲከፈት አየሩ እንዴት እንደሚያቀጣጥለው፣ ሽታው ምን ምን እንደሚል። እኔ ስነግረው ስልኩን ያይ የነበረው ሰውዬ! ሴትየዋ ወንድማቸው ሣር ከምሮ እንደሚሸጥ ነገሩት፤ ዛሬውኑ ልደውልለት አሉ። አንዱን ነገር አዛባው፤ ባክቴሪያዎቹ እስከ መጨረሻው ድረስ በሕይወት ቆይተው ሣሩን የሚያነዱት እነሱ ናቸው አለ።

ፉሪን አልፈን አየር ጤና እስክንደርስ አወራ። ጭንቅላቴን መስኮቱ ላይ አስደግፌ ሰማሁት። አላረምኩትም።